አንቱ፣ እርስዎ ወይስ አንተ?

ከወር በፊት ገደማ በአንድ የተማሪዎች ማደሪያ በር ላይ፣ ከድሬዳዋ የመጣ አንድ አዲስ ተማሪ ከሽማግሌው ዘበኛ ጋር ሲነጋገር ቆሜ ሰማሁ። ልጁ መታወቂያውን ረስቶ ኖሮ፣ «አባባ፣ አንተ እኮ ትናንት አይተኸኛል፤ አስገባኝ እንጂ» አላቸው። የሽማግሌው ፊት ተለዋወጠ። «አንተ ያልኸው ማንን ነው?» አሉት። ልጁም በቅንነት፣ «አንተን ነዋ!» ብሎ መለሰ። ከዚያ በኋላ የሆነውን መዘርዘር አያስፈልግም፤ ልጁ ባለጌ ተባለ፣ ስሙም ተመዘገበ፣ ከኋላው ተሰልፈን የነበርነው ተማሪዎችም በአንድ ድምፅ ፈረድንበት። እኔም ከፈራጆቹ መካከል ነበርሁ። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ፣ ማታ አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ ነገሩን ሳሰላስለው ፍርዳችን ያልተጣራ መሆኑ ስለ ታየኝ ነው።

የአማርኛ ተናጋሪ ከዚህ ፈተና የሚያመልጥበት ቀዳዳ የለውም። «ና»፣ «ነይ» ወይም «ይምጡ» ከማለት አንዱን ሳይመርጥ ማንንም ሊጠራ አይችልም። ሰውየው በሌለበት እንኳ ስናወራ «መጣ» ወይም «መጡ» ብለን የምንሰጠውን ክብር መግለጣችን አይቀርም። ብዙዎቻችን በአስተማሪያችን ፊት «መጡ» ስንል ቆይተን፣ በሩ ሲዘጋ «ሄደ» እንደምንል እርስ በርሳችን እንተዋወቃለን። ስለዚህ ሌላ ልማድ ካለበት አገር የመጣ ሰው መደበቂያ የለውም፤ ገና አንድ ግሥ ከአፉ ሲወጣ አገሩ ይታወቅበታል።

እኔ ራሴ የመጣሁት ከጎጃም ገጠር ነው። በእኛ ዘንድ ታላቅ ሰው «አንቱ» ይባላል። የኔታም አንቱ ናቸው፣ የጎረቤት ሽማግሌም አንቱ ናቸው፤ እናቴ አባቴን አንቱ ስትላቸው፣ አባቴ እሷን አንቺ ይሏታል። (ወደዚህ ነገር ኋላ እመለስበታለሁ።) በመጀመሪያው ዓመት በአንድ ቢሮ መስኮት ላይ ቆሜ ጸሐፊዋን «አንቱ፣ ይህን ወረቀት የሚፈርሙልኝ ማን ናቸው?» ብዬ ብጠይቅ፣ ከኋላዬ የነበሩት ተማሪዎች ሳቃቸውን ለቀቁት። ጸሐፊዋም ያሾፍሁባት መስሏት ፊቷን አጠቆረችብኝ። እስከ ዓመቱ አጋማሽ ድረስ «አንቱ» የሚል ቅጽል ስም ተሸክሜ ከረምሁ።

በዚያው ሰሞን በመመገቢያ አዳራሹ አንድ አዛውንት መምህር ሲገቡ እንደ አገሬ ልማድ ብድግ ብዬ «ኖር» አልሁ። በአገሬ ቢሆን «በእግዜር» ብለው ያስቀምጡኝ ነበር። እሳቸው ግን በልቼ የጨረስሁ መስሏቸው አመስግነው ወንበሬ ላይ ተቀመጡ። ምሳዬን ቆሜ በላሁ።

ጉዱ ግን እዚህ ላይ ነው። ያ በአንቱዬ የሳቀብኝ የከተማ ልጅ አንድን ስመ ጥር ሐኪም ሲያደንቅ «አንቱ የተባለ ሐኪም» ይላል። ሰውን በክብር የመጥራቱን ልማድ ራሱን «አንቱታ» ይለዋል እንጂ «እርስዎታ» ሲል ሰምቼው አላውቅም። ቃሉን ከአፉ ጥሎታል፤ ክብሩን ሲፈልግ ግን ከዚያው ቃል ይበደራል። የቋንቋ ሊቃውንት እንደሚነግሩን «አንቱ» ለብዙ ሰዎች ከሚነገረው ከግዕዙ «አንትሙ» ጋር የተዛመደ ነው፤ «እርስዎ» ደግሞ «ርእስ» ከሚለው፣ ማለት ከራስ፣ የወጣ ነው። አንዱ ብቻውን የቆመውን ሰው እንደ ብዙ ሰው ይቈጥረዋል፤ ሁለተኛው ሰውየውን ትቶ ራሱን ያነጋግራል። ሁለቱም በሰው ላይ ጣት ላለመቀሰር የተገኙ ዘዴዎች ናቸው። ታዲያ አንደኛው ሥልጣኔ፣ ሁለተኛው ባላገርነት የሚሆነው በምን ሚዛን ነው? አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም ተቆርቁራ የመንግሥት መቀመጫ ከሆነች ወዲህ የሸዋው አነጋገር የቢሮና የትምህርት ቤት አነጋገር ሆነ፤ እኔ ከዚህ የተለየ ምክንያት አላገኘሁለትም።

በማደሪያ ክፍላችን ስድስት ነን። ከመቀሌ የመጣው ታላቁን በትግርኛ «ንስኹም» ይላል። ከነቀምቴ የመጣው አባቱን በኦሮምኛ «ኢሲን» ይላቸዋል፤ ይህም ለብዙዎች የሚነገረው ቃል ነው። ከሐረርጌ የመጣው ኦሮሞ ጓደኛችን ግን አባቱን በስልክ «አቲ» ሲለው፣ ያም አንተ ማለት ነውና፣ የነቀምቴው ደንግጦ ቀና ይላል። ቋንቋቸው አንድ ሆኖ ልማዳቸው ሁለት ነው። ከጅጅጋ የመጣው ደግሞ በሶማልኛ ክብር በዚህ በኩል እንደማይመጣ ያስረዳናል፤ ለአንድ ሰው የሚነገረው «አዲጋ» ለትንሹም ለትልቁም ያው ነው። ክብሩ ያለው ታላቁን «አዴር» ብሎ በመጥራት ላይ ነው፤ የአባት ወንድም ማለት ነው። የሚገርመውም ታላቁ ታናሹን መልሶ «አዴር» ይለዋል። ይህን በሰማሁ ጊዜ በልጅነቴ በተረት የሰማሁት አያ ጅቦ ትዝ አለኝ፤ እኛም እኮ አውሬውን ሳይቀር በዘመድ ስም እናከብራለን፣ እመት ጦጢትንም እንደዚሁ።

ድሬዳዋ የምድር ባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ በ1895 ዓ.ም ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ ሐረሪው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ የየመኑ ዐረብ፣ ግሪኩና አርመኑ በአንድ ገበያ ተገናኝተው የኖሩባት ናት። እንደ እኔ ግምት የድሬዳዋና የሐረር አማርኛ አንቱታን ያሳነሰው እነዚህን ሁሉ ሲያገለግል ነው። ዐዋቂውም ልጁም «አንተ» ነው፣ «አንቺ» ነው፤ በመካከሉም «አቦ!» አለ። ይህ ንቀት ቢሆን ኖሮ ከተማዋ ሁሉ ተናንቆ የሚኖር ነበር፤ የሄደበት ሰው ግን የሚነግረን ስለ ሰዉ ፍቅርና እንግዳ ተቀባይነት ነው።

በማግሥቱ ያንን ልጅ ፈልጌ ሻይ ጋበዝሁት። ገና አልተጽናናም ነበር። «እኛ ፈጣሪንም እኮ አንተ እያልን ነው የምንለምነው» አለኝ። «እናቴን አንቺ እላታለሁ፤ ድምፄን ከፍ አድርጌባት ግን አላውቅም። አንድ ሰው እርስዎ ሲለኝ፣ ከቤቱ ያስወጣኝ ይመስለኛል።» ይህን ሲናገር በበሩ ላይ የሆነው ሁሉ እንደ ገና በጆሮዬ አቃጨለ። ልጁ እኮ ሲጀምር «አባባ» ብሏቸው ነበር! ከተሰለፍነው ሰዎች አንዳችንም ይህን አልሰማነውም፤ የሰማነው «አንተ»ውን ብቻ ነው። እሱ ክብሩን በሚያውቀው ቦታ አስቀምጦት ነበር፤ እኛ የፈለግነው እኛ በምናውቀው ቦታ ነው።

ይህን ስል ሽማግሌው አልተበደሉም ማለቴ አይደለም። በእሳቸው አገር ልጅ አዋቂን አንተ የሚለው ሊሰድበው ሲፈልግ ነው፤ ቃሉ ሲደርሳቸው እንደ ጥፊ ነው የደረሳቸው። ስለዚህ «ሁሉም እንደ አገሩ ይናገር» የሚለው የአንዳንድ ጓደኞቻችን መፍትሔ ለእኔ ቀላል ሆኖ ይታየኛል። ቃል የሚመዘነው በተናጋሪው አሳብ ብቻ አይደለም፤ በሰሚውም ጆሮ ነው። ልጁ ወደዚህ ሲመጣ ይህን መማር ነበረበት፤ ነገር ግን መማር ያለበትን ነገር ማንም አላስተማረውም፤ ያገኘው ቅጣት ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን ልመለስ። አንቱታ የዕድሜ ክብር ነው ብለን በልጁ ላይ ፈርደናል። እውነት ነውን? በየማለዳው የማደሪያችንን ደረጃ የሚጠርጉት ሴት በዕድሜ እናቶቻችንን የሚያክሉ ናቸው። ያን ዕለት ከሁላችንም በላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ይሄ ባለጌ!» ሲል የነበረው ጓደኛችን፣ በዚያው ሳምንት እኒህን ሴት «አንቺ፣ እዚህ ጋ አልተጠረገም እኮ» ሲላቸው ሰማሁት። እሳቸውም «እሺ ጋሼ» አሉት። ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ ጋሼ ሆነ፤ እናቱን የሚያክሉት ሴት አንቺ ሆኑ፤ ማንም ግን ስሙን አልመዘገበውም።

እሱን ብቻ መክሰስ እንዳይሆንብኝ አንድ ቀን ሙሉ የራሴን አፍ ስጠብቅ ዋልሁ። እርስዎ ያልኋቸው አራት ሰዎች ነበሩ፤ አራቱም ቢሮ ወይም የማስተማሪያ ክፍል ያላቸው ናቸው፤ ከአራቱም አንዱ በዕድሜ ከታላቅ ወንድሜ የሚያንስ ወጣት መምህር ነው። አንተና አንቺ ያልኋቸው ደግሞ ወጥ የምታወጣልን ሴት፣ ጫማዬን የጠገነልኝ ጠጉሩ የሸበተ ሰው፣ በሚኒባሱም ሒሳብ የተቀበለኝ አባት የሚያክል ረዳት ናቸው። (አሁን ስጽፍ እንኳ «ናት»፣ «ሰው» እያልሁ እንደ ቀጠልሁ ልብ በሉ።) አንቱ ከምንልበት ከጎጃም የመጣሁት እኔ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ዕድሜን ትቼ ወንበርን ማክበር ተምሬአለሁ። ከድሬዳዋ የመጣው ልጅ ግን ዘበኛውንም መምህሩንም አንተ ይላል። በስሕተቱ እንኳ ከእኔ ይልቅ እሱ ሚዛኑ ትክክል ነው።

ይህ ነገር ቃል በመለወጥ ብቻ እንደማይድን የራሳችን ታሪክ ይመሰክራል። ከ1966 ዓ.ም አብዮት በኋላ «ጃንሆይ» ቀርቶ «ጓድ» መጣ፤ ሰው ሁሉ እኩል ጓድ ይሆናል ተባለ። ሆኖም የግሡ መጨረሻ ከቦታው አልተነቃነቀም። ጓድ ሊቀ መንበር «ተናገሩ» ተባለ እንጂ «ተናገረ» አልተባለም፤ ተራው ሰው ግን ጓድ ሆኖም ያው «ተናገረ» ነበር። ስለዚህ «አንቱታን ሽረን ሁላችንም አንተ እንባባል» የሚሉ ወንድሞች፣ መጀመሪያ ማን ማንን አንተ ለማለት እንደሚደፍር ይንገሩን። እኔ የምፈራው ዘበኛው በሁለት በኩል አንተ ተብለው ዲኑ እርስዎ እንደ ሆኑ እንዳይቀሩ ነው።

የእናቴንና የአባቴን ነገር እመለስበታለሁ ብዬ ነበር። ይህን ለክፍል ጓደኛዬ ለሆነች አንዲት እኅታችን ባጫውታት፣ «ለምን ወደ ጎጃም ትሄዳለህ? እዚሁ አለ አይደል» አለችኝ። አዲስ የተቀጠሩትን ወጣት ወንድ መምህር እርስዎ የምንል ተማሪዎች፣ በዕድሜ እኩያቸው የሆኑትን ሴት መምህርት ገና በሁለተኛው ሳምንት አንቺ ብለናቸዋል። ልክ ናት፤ እኔም ካሉት አንዱ ነኝ። በዚህ ጉዳይ ከእኔ ይልቅ እሷ ብትጽፍበት ይሻላል፤ ለሚቀጥለው እትም ቃሏን ተቀብያለሁ።

ለማኅበራችን አንድ ጥያቄ አቀርባለሁ። በየዓመቱ ለአዲስ ተማሪዎች የሚታደል ወረቀት አለ፤ የቤተ መጻሕፍቱን ሰዓትና የምግቡን ሰልፍ ይነግራል። በዚያ ወረቀት ላይ ግማሽ ገጽ ያህል ስለዚህ ነገር ቢጻፍ ምን ይጎዳል? ከድሬዳዋና ከሐረር የሚመጣው፣ «አንተ» ማለት እዚህ ቤት ሽማግሌ እንደሚያስቀይም ይወቅ። የአዲስ አበባውም ልጅ አንቱ የሚለው ጓደኛው እያከበረ እንጂ እያሾፈ እንዳልሆነ ይወቅ። ዘበኞቹም በኩላቸው ይነገራቸው፤ የምሥራቅ ልጅ «አባባ፣ አንተ» ሲል የመጀመሪያውንም ቃል እንዲሰሙለት።

ልጁ አሁን በየማለዳው በበሩ ሲያልፍ ለሽማግሌው «እርስዎ፣ ደኅና አደርህ?» ይላቸዋል። እሳቸውም ይስቁና ያሳልፉታል፤ መታወቂያም አይጠይቁትም። እኔ በበኩሌ ባለፈው ሰኞ ደረጃውን የሚጠርጉትን ሴት «እንደምን አደሩ?» ብያቸው ነበር። ከኋላቸው ሌላ ሰው የቆመ መስሏቸው ዞር ብለው አዩ።