ጨውና መስኖ

ዝናብ በሚያጥርበት እንደ ሞያሌ ባለ አገር ስለ መስኖ ማሰብ ተገቢ ነው። ነገር ግን ከተማዋ በኬንያ በኩል በምትገኝበት በማርሳቢት ካውንቲ የጉድጓድ ውሃ በብዙ ቦታ ጨዋማ ነው። «እንግዲያስ ጨው የሚችል ሰብል እንዝራ» የሚሉ አሉ። ሐሳቡ መልካም ቢሆንም ብቻውን አይበቃም።

በእርግጥ ሰብሎች ጨውን የመቻል ኃይላቸው ይለያያል። ጨው የበዛበት አፈር ውሃውን ለሥር በቀላሉ ስለማይለቅ፣ ተክሉ በእርጥብ መሬት ላይ ቆሞ ይጠማል። ገብስ ግን ከጨው ከፊሉን በሥሩ ያግዳል፤ ያለፈውንም በሕዋሳቱ ውስጥ ለይቶ ያስቀምጣል። ስለዚህ የአፈር ጨዋማነት በሚለካበት በዴሲሲመንስ በሜትር፣ ገብስ እስከ 8 ድረስ ምርቱ ሳይቀንስ ሲችል፣ የአደንጓሬ ምርት ከ1 ጀምሮ ይቀንሳል።

ጥጥም ከቻዮቹ አንዱ ነው። ሆኖም በአዋሽ ሸለቆ፣ በአሚባራ የደረሰውን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ጥጥ በመስኖ ሲለማ በቂ ማፋሰሻ ስላልነበረ የከርሰ ምድሩ ውሃ ወደ ላይ ወጣ። ፀሐይ ውሃውን ስታተነው ጨው በመሬቱ ገጽ ቀረ፤ ብዙ ማሳዎችም ተተዉ።

እንግዲህ ቻይ ሰብል ጊዜ ይሰጠናል እንጂ አፈሩን አያድንም። ጨው የሚወገደው ትርፍ ውሃ አጥቦት ሲሄድ ነው፤ ውሃውም መውጫ ይሻል። ስለሆነም የመስኖ ቦይ የሚቆፍር ሁሉ ማፋሰሻውንም አብሮ ሊቆፍር ይገባል። «ሳይቃጠል በቅጠል» ማለት ይህ ነው።