ጉድጓድ እየቆጠሩ ምጣድን መርሳት

በገጠር ኢትዮጵያ አንድ ቤት ከሚያነደው ማገዶ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚያልቀው እንጀራ ሲጋገር ነው። ይህ በኃይል ዘርፍ ለሚሠራ ሰው ሁሉ የታወቀ፣ በጥናት ተደጋግሞ የተነገረ ጉዳይ ነው። እንዲህም ሆኖ ለገጠሩ ቤት ንጹሕ ኃይል ተብሎ ከባዮጋዝ ማብላያው ጋር ሲታደል የኖረው መደበኛ ምድጃ እንጀራ አይጋግርም። ሽሮ ያበስላል፣ ቡና ያፈላል፣ ወተት ያሞቃል። ሊጡ ቦክቶ ምጣድ የሚጣድበት ቀን ሲደርስ ግን የቤቱ እመቤት ወደ ጭራሮዋና ወደ ኩበቷ ትመለሳለች፤ ጭሱም ወደ ዓይኗ።

ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2009 በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በቀድሞው የደቡብ ክልል ሲጀመር በአምስት ዓመት 14,000 ማብላያዎችን ለመገንባት አቅዶ ነበር። በዚያ ጊዜ ውስጥ የተገነቡት 8,000 ገደማ ናቸው። ከዚያ ወዲህ የተነሣው ክርክር በአብዛኛው በዚህ ጉድለት ዙሪያ ነው፤ ሲሚንቶ ጠፋ፣ ብድር ዘገየ፣ ግንበኛ አልተገኘም፣ የገበሬው ግንዛቤ አነስተኛ ነው። አስቀድሞ ሊነሣ ይገባው የነበረው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። 14,000ዎቹ በሙሉ ቢገነቡስ ኖሮ ስንቱ ቤት እንጀራውን በጋዝ ይጋግር ነበር?

መልሱ ያለው ከጋዙ ባሕርይ ላይ ነው። ባዮጋዝ አየር በማይገባበት ጉድጓድ ውስጥ ባክቴሪያዎች እበትን ሲያብላሉ የሚወጣ ድብልቅ ነው። ከ50 እስከ 70 በመቶ የሚሆነው የሚነደው ሜቴን ነው። ቀሪው በአብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሆን እሱ አይነድም፤ እንዲያውም ነበልባሉን ያቀዘቅዛል። በዚህ ላይ የተበላሸ እንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጂን ሰልፋይድ በጥቂቱ ይኖርበታል፤ ይህም ካልተጣራ የምድጃውንና የመገጣጠሚያውን ብረት ቀስ በቀስ ይበላል። ስለዚህ አንድ ሜትር ኩብ ንጹሕ ሜቴን 36 ሜጋጁል ገደማ ሙቀት ሲሰጥ፣ ያንኑ ያህል ባዮጋዝ የሚሰጠው 21 አካባቢ ነው።

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። ከአንድ ኪሎ ትኩስ የከብት እበት 40 ሊትር ገደማ ጋዝ ይገኛል። ጥቂት ከብቶች ያሉት ገበሬ በቀን 40 ኪሎ እበት ቢሰበስብ 1,600 ሊትር ጋዝ አገኘ ማለት ነው። ምድጃው በሰዓት 400 ሊትር ያህል ስለሚፈጅ ይህ ለአራት ሰዓት ይበቃል። ፕሮግራሙ በወረቀት ላይ የሚያምረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ለወጥና ለቡና በእርግጥም በቂ ነው። ነገር ግን በሰዓት 400 ሊትር ጋዝ ማለት 2.3 ኪሎዋት ገደማ ነው፤ ከዚህም ውስጥ ግማሽ የሚጠጋው በድስቱ ጎን አልፎ አየር ላይ ይቀራል። የከተማው የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል፤ ሙቀቱንም ከሸክላው ሥር ከዳር እስከ ዳር ያዳርሳል። ስፋቱ ወደ 60 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ምጣድ ለድስት በተሠራ ነበልባል ላይ ሲጣድ መሃሉ ያራል፤ ዳሩ ዓይን ሳያወጣ ሊጥ እንደሆነ ይቀራል።

ግፊቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። በአገሪቱ የተለመደው ማብላያ ከመሬት በታች የሚገነባ፣ ጉልላቱ የማይንቀሳቀስ ዓይነት ነው። ጋዙ ከጉልላቱ ሥር ሲጠራቀም የተበጠበጠውን እበት እየገፋ ግፊት ይፈጥራል፤ ጋዙ ሲቀንስ ግፊቱም አብሮ ይወርዳል። ለሳምንት የሚሆን እንጀራ ልትጋግር የተቀመጠች ሴት ግማሽ ላይ ስትደርስ ነበልባሉ ይዝላል። ምጣድ አንዴ ከበረደ ደግሞ እንደገና እስኪግል ሊጡ አይጠብቃትም። ወጥ የሚሠራ ሰው እሳቱ ሲደክም ትንሽ ይታገሣል፤ እንጀራ ጋጋሪ እንዲህ ያለ ዕድል የላትም።

ይህ ሁሉ እየታወቀ ጋዝ ሁሉ አንድ እንደሆነ ተደርጎ መነገሩ አልቀረም። የባዮጋዝ ቤት «እንደ ከተማው ቡታጋዝ» ይኖረዋል ይባላል። በሲሊንደር የሚሸጠው ግን ፕሮፔንና ቡቴን ነው፤ ሁለቱም በመጠነኛ ግፊት ፈሳሽ ሆነው በትንሽ ዕቃ ይቀመጣሉ። ሜቴን ከዜሮ በታች 82 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ካልቀዘቀዘ የቱንም ያህል ግፊት ቢጫነው ፈሳሽ አይሆንም። 12.5 ኪሎ ቡታጋዝ በያዘ ሲሊንደር ውስጥ 575 ሜጋጁል ገደማ ኃይል አለ። ይህንኑ በባዮጋዝ ለማግኘት 27 ሜትር ኩብ ያስፈልጋል፤ ርዝመቱም፣ ወርዱም፣ ቁመቱም ሦስት ሦስት ሜትር የሆነ ክፍል ሙሉ ጋዝ ማለት ነው። ባዮጋዝ በተመረተበት ግቢ መንደድ ያለበት፣ ዛሬ ተጠራቅሞ ለዓመት በዓል የማይቆየው በዚህ ምክንያት ነው። የጥንቃቄው ትምህርትም መለየት አለበት። የሲሊንደሩ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈተልክ ወለል ላይ ይተኛል፤ ባዮጋዝ ግን ከአየር ጋር ተቀራራቢ ክብደት ስላለው ከክፍሉ አየር ጋር ይደባለቃል።

የፕሮግራሙ ደጋፊዎች መልስ አላቸው፤ መልሳቸውም ሊደመጥ ይገባል። ኩበት ሲነድ ናይትሮጂኑ ከጭሱ ጋር ይሄዳል፤ እበት በማብላያ ሲያልፍ ግን ናይትሮጂኑ በአብዛኛው በተረፉ ውስጥ ስለሚቆይ ለማሳ ጥሩ ማዳበሪያ ይሆናል። ማታ ለመብራት፣ ጠዋት ለቡና ጭስ የሌለው እሳት ማግኘትም ትንሽ ነገር አይደለም። ይህ እውነት ነው። ግን ደን ያድናል፣ ሴትን ከማገዶ ለቀማ ያሳርፋል የተባለው ተስፋ በዚህ አይሞላም። 40 ኪሎ እበት በእኩል መጠን ውሃ ይበጠበጣል፤ ይህም በየቀኑ ሁለት ጀሪካን ነው። የውሃ ምንጩ ሩቅ በሆነበትና በጋው በሚረዝምበት አገር ይህን ጀሪካን የምትሸከመው ያችው ሴት ናት። ባክቴሪያዎቹ ደግሞ በደንብ የሚሠሩት 35 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ፣ በደጋው ቅዝቃዜ የጋዙ ምርት ይቀንሳል። ሁለት ጀሪካን ውሃ ተሸክማ፣ እበት አብጥብጣ፣ በመጨረሻ ለእንጀራዋ ጭራሮ የምትለቅም ሴት ማብላያውን ብትተወው የግንዛቤ ችግር አለባት ማለት ነውር ነው።

የተተወ ማብላያ ደግሞ ያለ ጉዳት አይቀመጥም። ሜቴን በመቶ ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ25 ጊዜ በላይ ከባቢ አየርን ያሞቃል። ጉልላቱ ተሰንጥቆ፣ ቧንቧው ላልቶ ጋዙ ሳይነድ የሚወጣበት ጉድጓድ በሪፖርት ላይ የአየር ንብረት ድል ሆኖ ቢቆጠርም በተግባር ጉዳት ነው።

ከነዳጁ ባሕርይ ይልቅ ስሙን የማክበር በሽታ በባዮጋዝ ብቻ አልቆመም። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የባዮፊዩል ስትራቴጂ ዘይታቸው ለነዳጅ ለሚውል ለጃትሮፋና ለመሰል ተክሎች የሚሆን ከ20 ሚሊዮን ሄክታር የሚበልጥ መሬት አለ ብሎ ገመተ። ጃትሮፋ በጠፍ መሬት ይበቅላል ተባለ። ይበቅላል፤ ውሃና ማዳበሪያ ካላገኘ ግን ረብ ያለው ፍሬ አይሰጥም፤ የዘይቱ ተረፍም መርዛማ ስለሆነ ለከብት አይሆንም። በምሥራቅ ሐረርጌ ለጉሎ ተክል ለአንድ የውጭ ኩባንያ የተሰጠው መሬት ከባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ ጋር ተደራርቦ መገኘቱ ያን ጊዜ የተፈጠረውን ችኮላ ያሳያል።

ኢታኖልም ትምህርት ይሰጣል። አዲስ አበባ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2008 በአምስት በመቶ፣ በ2011 ደግሞ በአሥር በመቶ ከቤንዚን ጋር ይቀላቀል ጀመር። ከስኳር ፋብሪካ ሞላሰስ ስለሚወጣ ከሰው ምግብ አይሻማም፤ ይህ ትልቅ ብልጫው ነው። ይሁን እንጂ አንድ ሊትር ኢታኖል ያለው ኃይል ከአንድ ሊትር ቤንዚን ሁለት ሦስተኛው ያህል ስለሆነ፣ ተቀላቀለ የተባለውን ሊትር ሁሉ እንደዳነ ቤንዚን መቁጠር ስህተት ነው። ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የሚወጣው ኢታኖል በጅግጅጋ አቅራቢያ በቀብሪበያህ የስደተኞች ጣቢያ ለማብሰያ ምድጃ ሲውል ግን እንጨት ፍለጋ ሜዳ የሚወጡትን ሴቶች ከመንገድ አስቀርቷል። ፈሳሽ ነው፣ በተራ ግፊት በዕቃ ይቀመጣል፣ ንጹሕ ሆኖ ይነድዳል። ባሕርይውና ሥራው ሲገጣጠሙ ውጤቱ እንዲህ ነው።

ምጣድን አስቀድሞ ማሰብ በአገሪቱ አዲስ ነገር አይደለም። ምርጥ ምድጃ የተባለው የሲሚንቶ ምድጃ ሲሠራ ልኩ የተወሰደው ከምጣዱ ነው፤ እሳቱ ተከልሎ በሸክላው ሥር እንዲሄድ ተደርጎ በሦስት ጉልቻ ከሚነደው እንጨት ግማሽ የሚጠጋውን ይቆጥባል። የባዮጋዝ ምጣድ ለመሥራትም ሙከራዎች ተደርገዋል፤ ሰፊ ማንደጃ፣ ትልቅ የጋዝ ማጠራቀሚያና ስስ ሸክላ እንደሚያስፈልግ የታወቀ ነው። የጎደለው በጀቱና ክብሩ ነው፤ ሁለቱንም የወሰደው የጉድጓድ ቁጥር ሆኗልና። ከእንግዲህ ለማብላያ ገንዘብ የሚመድብ መሥሪያ ቤትም ሆነ ለጋሽ ከግንባታው ቁጥር አጠገብ አንድ ሌላ ቁጥር ያስቀምጥ፤ ግንባታው ካለቀ ከዓመት በኋላ እንጀራቸውን በጋዝ የሚጋግሩ ቤቶች ስንት ናቸው? ያ ቁጥር እስኪቀርብ ድረስ የማብላያ ቆጠራን እንደ ስኬት መቀበል አይገባም።