የፋሲካ አይባችንን ከብክለት እንጠብቅ

የዐቢይ ጾም 55 ቀናት ተፈጽመው የትንሣኤው ሌሊት ሲነጋ፣ በጎንደር ከተማም ሆነ በወገራ፣ በዳባትና በደባርቅ ደጋ የሚገኙ ምእመናን ከቅዳሴ መልስ ገበታ ዘርግተው ይፈስካሉ። ከዶሮው ወጥ አጠገብ ነጩ አይብ አይታጣም። በዚህ ዕለት ስለ ጀርም ማንሣት የበዓሉን ደስታ ማደፍረስ መስሎ ሊታይ ይችል ይሆናል። እኛ ግን በዓሉ በጤና እንዲያልፍ ከመሻት የተነሣ ስለዚሁ አይብ ጥቂት ልንል ወደድን።

እንደሚታወቀው፣ ወተቱ በወይራ በታጠነ ቅል ወይም ገንቦ ውስጥ ለቀናት ተጠራቅሞ ይረጋል፤ ተንጦም ቅቤው ይወጣል። የተረፈው አሬራ በዝግታ እሳት ላይ ሲሞቅ አይቡ ከአጓቱ ይለያል። በዚህ አሠራር ውስጥ ታላቅ ጥበብ አለ። የእርጎው መኮምጠጥ ብዙ ጀርሞችን ይገታል። የወይራው ጢስም የእነዚህን ረቂቅ ተሕዋስያን ዕድገት እንደሚያዘገይ የዘርፉ ተመራማሪ ሞገሴ አሸናፊ ያደረጉት ጥናት አመልክቷል።

ይሁን እንጂ ጥበቡ ብቻውን በቂ አይደለም። እኚሁ ተመራማሪ በ1990 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረጉት ጥናት ከሐዋሳ ገበያ የተሰበሰበ አይብ ሲመረመር፣ የንጽሕና ጉድለትን የሚያመለክቱ ባክቴሪያዎች ብዛት ከፍተኛ ሆኖ ተገኝቷል። የምግብ መመረዝ የሚያስከትሉት ስታፊሎኮከስ ኦሬየስና ባሲለስ ሴሬየስም ታይተዋል። ለዚህም ምክንያቱ ግልጽ ነው። አይብ የሚሠራበት ሙቀት ከ40 እስከ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብቻ በመሆኑ ጀርሙን ሁሉ አይገድልም። ከእሳት ከወረደ በኋላም እጅ፣ ጨርቅና ዝንብ ይነካዋል፤ ከዚያም ሳይሞቅ ይበላል። ስታፊሎኮከስ አስቀድሞ የረጨው መርዝ ደግሞ ቢፈላም የሚጠፋ አይደለም።

ችግሩ የእኛ አገር ብቻ እንዳልሆነ ልብ ሊባል ይገባል። በ1985 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ካሊፎርኒያ፣ በፋብሪካ የተሠራ ለስላሳ አይብ ሊስቴሪያ በተባለ ባክቴሪያ ተበክሎ በሎስ አንጀለስ አካባቢ ብቻ ከ140 በላይ ሰዎች ታመዋል። ከእነዚህም የሚበዙት ነፍሰ ጡር እናቶችና ጨቅላ ሕፃናት ነበሩ። ከጥሬ ወተት ጋር የሚመጡት ብሩሴሎሲስና የከብት ሳንባ ነቀርሳም ለገጠሩ ቤተሰባችን እንግዶች አይደሉም።

ታዲያ አይብ ይቅር ማለታችን ነውን? አይደለም። ቅቤና አይብ ጭና ከደጋው የምትወርደው እናት ቤቷን የምትደጉመው በዚሁ ገበያ ነው። ጥፋቱን በእርሷ ላይ መጫን ፍርድ ማጓደል ይሆናል። የተነጠረው ቅቤ በዓሉን ይጠብቃል፤ ከመቶው 79 እጅ ገደማ ውሃ የሆነው አይብ ግን ብዙ አይቆይም። እኛ ገዢዎች ደግሞ በበዓሉ ዋዜማ ተሻምተን ቀናት ያስቆጠረውን ሳንጠይቅ እንወስዳለን። ልንቀምስ ስንልም ያልታጠበ ጣታችንን ከአይቡ እንከታለን። በደንብ የበሰለውን "ጠጠር ይላል" ብለን እንተዋለን። ስለዚህ የብክለቱ ድርሻ የእኛም ነው።

መፍትሔው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ወተቱን አስቀድሞ አፍልቶ ማብረድና ከንጹሕ እርጎ ጥቂት እርሾ ጨምሮ ማርጋት ይቻላል፤ እርጎው ለመናጥ አይቦዝንም። አሬራውም ለብ ሲል ሳይወርድ ደኅና አድርጎ ይሙቅ። አይቡን የምታጠልል እጅ በሳሙና ትታጠብ፤ ማጥለያው ጨርቅም ይቀቀል። ዕቃው ክዳን ይኑረው፤ አይቡም ለበዓሉ ሲቃረብ ተሠርቶ ወዲያው ይበላ። ዶሮ የተበለተበት ቢላዋና መክተፊያ ሳይታጠብ ወደ አይቡ አይመለስ። ለነፍሰ ጡሮች፣ ለሕፃናትና ለደካማ አረጋውያን ደግሞ ከተፈላ ወተት የተሠራው ብቻ ይቅረብላቸው። ማጠኛው ወይራ ግን ከነክብሩ ይቀጥል።

የጎንደር ከተማ በዚህ ረገድ አርአያ ለመሆን ታሪኳ ያስገድዳታል። የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ መሠረት የሆነው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ተቋቁሞ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን ሲያሠለጥን፣ ዓላማው በሽታን ከመድረሱ በፊት በየቤቱ ደጃፍ መከላከል ነበር። ያ ትምህርት እስከ አይብ ተራ ድረስ ሊዘልቅ ይገባል። ሻጮች ጥላ ያለው ስፍራና የእጅ መታጠቢያ ውሃ ቢያገኙ ሻጭም ገዢም ይጠቀማሉ። የሚመለከታቸው ሁሉ ይህን ከመጪዎቹ በዓላት አስቀድመው ቢያስቡበት መልካም ነው እንላለን።

ይህን ያህል ቀን በትዕግሥት የጾመ ቤተሰብ፣ አሬራው በደንብ እስኪሞቅ ጥቂት ደቂቃ መታገሥ አያቅተውም። ገበታችን ንጹሕ፣ ልጆቻችንም ጤናሞች ይሁኑልን። መልካም የትንሣኤ በዓል!