የኮሌጅ ትምህርትና የኅብረተሰብ አገልግሎት፤ ከዘመቻ ወደ ሥርዓተ ትምህርት

የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ከመማር ማስተማርና ከምርምር ቀጥሎ የማኅበረሰብ አገልግሎት የመስጠት ኃላፊነት እንዳለባቸው በ2011 ዓ.ም. የወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152 ይደነግጋል። በአሠራር ግን ሦስተኛው ተልዕኮ ከሁለቱ ተነጥሎ የሚታቀድና በክረምት ዘመቻ የሚጠቃለል ሆኖ የሚታይበት ጊዜ ብዙ ነው። ተማሪዎች ችግኝ ይተክላሉ፣ ደም ይለግሳሉ፣ የአቅመ ደካሞችን ቤት ያድሳሉ። ተግባሩ የሚመሰገን ነው። ይሁንና የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ግድግዳ ቀለም ሲቀባ ውሎ ቢመለስ፣ በዚያው መንደር የጎርፍ መውረጃው ለምን እንደሚደፈን አጥንቶ እንዲያቀርብ የሚጠይቀው ከሌለ፣ አገልግሎቱ ከትምህርቱ ጋር አልተገናኘም ማለት ነው።

ጉዳዩ ለአገሪቱ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው የጎንደር የኅብረተሰብ ጤና ኮሌጅ ከመነሻው ሥልጠናውን ከገጠሩ ሕዝብ የጤና ችግር ጋር አስተሳስሮ ነበር። የጤና መኮንኖች፣ የኅብረተሰብ ነርሶችና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎች በአንድ ቡድን ሆነው በጤና ጣቢያ እንዲሠሩ የሠለጠኑት በዚያ ነው።

ከ1957 የትምህርት ዘመን ጀምሮ በቀድሞው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተግባራዊ የሆነው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ደግሞ እያንዳንዱ ተማሪ ከመመረቁ አስቀድሞ አንድ ዓመት ወደ ክፍለ አገር ወጥቶ እንዲያገለግል አስገዳጅ አደረገ። አብዛኞቹ የተመደቡት በመምህርነት ሲሆን፣ ይህም የመምህራንን እጥረት ለማቃለል ረድቷል። የጎደለው ሌላ ነበር፤ የተማረው የትምህርት ዘርፍ ምንም ይሁን ምን መምህር ሆኖ የሚላክ ተማሪ አገልግሎቱን ሲያጠናቅቅ ሙያውን የፈተነበት አጋጣሚ እምብዛም አልነበረውም። ያም ሆኖ የባላገሩን ኑሮ በቅርብ ማየቱ በዚያ ትውልድ አመለካከት ላይ የነበረውን ድርሻ አቃልሎ ማየት አይቻልም። በ1967 ዓ.ም. ስድሳ ሺህ ገደማ ተማሪዎችና መምህራን የተሠማሩበት የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ከዚህ የሚለየው መደበኛውን ትምህርት አቋርጦ የተካሄደ በመሆኑ ነው።

ሁለቱን በማጣመር ረገድ ቀዳሚ ሆኖ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1983 በጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩትነት የተጀመረው የጅማ ተሞክሮ ነው። በዚህ ማኅበረሰብ ተኮር በተባለ የትምህርት ፍልስፍና መሠረት የመስክ ቆይታ የዕረፍት ጊዜ ሥራ ሳይሆን ነጥብ የሚሰጥበት ኮርስ ነው። ተማሪዎች በቡድን ሆነው ወደ ተመደቡበት ቀበሌ በመውጣት መረጃ ይሰበስባሉ፣ ችግሮችን በቅደም ተከተል ይለያሉ፣ የሥራ ዕቅድ ያወጣሉ፤ ዕቅዱን የመፈጸምና ውጤቱን የመገምገም ሥራ በቀጣይ ዙሮች ይከናወናል። የመመረቂያ ዓመት የጤና ተማሪዎችም ከልዩ ልዩ ሙያዎች ተውጣጥተው በጤና ጣቢያ በጋራ ይሠራሉ። የመጸዳጃ ጉድጓድ ያልቆፈረ አባወራ ለምን እንዳልቆፈረ፣ የአፈሩ ዓይነት ይሁን የጉልበት ወይስ የቦታ እጥረት፣ ተማሪው የሚረዳው በዚህ መንገድ ነው።

በሕግ ትምህርት ቤቶች የተቋቋሙት የነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት ሌላው ማሳያ ናቸው። ለጠበቃ መክፈል የማይችል ባለጉዳይ አቤቱታው ይጻፍለታል፣ ምክር ይሰጠዋል፤ ተማሪውም በመምህሩ ክትትል ሥር ሆኖ ሕጉን በተጨባጭ ጉዳይ ላይ ይለማመዳል። እዚህ ላይ ግን ብዙም ትኩረት ያላገኘ ችግር አለ። የፍርድ ቤት ቀጠሮ የዩኒቨርሲቲውን ወሰነ ትምህርት አይጠብቅም። የቀለብ ክስ የመሠረተች እናት መዝገቧ ገና በቀጠሮ ላይ እያለ ጉዳዩን የያዘው ተማሪ ፈተናውን ጨርሶ ሊሄድ ይችላል። መዝገቡን ተረክቦ የሚቀጥል ቋሚ ባለሙያ ካልተመደበ፣ ከትምህርቱ የተጠቀመው ተማሪው ብቻ ይሆናል።

የመስክ ጥናትም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይሻል። በየዓመቱ መጠይቅ ይዞ ለሚመጣ ቡድን በር የሚከፍት ነዋሪ ያለፈው ዓመት መልሱ ምን እንዳስገኘ የመጠየቅ መብት አለው። ስለሆነም የጥናቱ ውጤት ለመምህሩ ብቻ ሳይሆን ለቀበሌው አስተዳደርና ለወረዳው ጽሕፈት ቤት በሚገባ ቋንቋ ተጽፎ መድረስ ይኖርበታል። በዩኒቨርሲቲውና በወረዳው መካከል የሚፈረም የመግባቢያ ሰነድ ይህን ግዴታ በግልጽ ማስፈር ሲገባው፣ የትብብር ፍላጎትን በመግለጽ ብቻ የሚታለፍ ከሆነ ፋይዳው አነስተኛ ነው።

ሌላው መታየት ያለበት የአፈጻጸም ሪፖርት ነው። የተሣታፊ ተማሪዎችንና የተጠቃሚዎችን ቁጥር መመዝገብ ቀላል ሲሆን፣ ተማሪው ምን እንደተማረና በመንደሩ ምን እንደተለወጠ መመዘን አስቸጋሪ ነው፤ ሪፖርቶች ወደ ቀላሉ ማዘንበላቸው አያስገርምም። መምህሩም ቢሆን ለአካዳሚክ ማዕረግ ዕድገት ይበልጥ የሚያበቃው የታተመ የምርምር ጽሑፍ መሆኑን ስለሚያውቅ፣ ተማሪዎችን ይዞ ቀበሌ ለቀበሌ ለመዘዋወር ያለው ተነሣሽነት ውሱን ይሆናል። የመስክ ክትትሉ እንደ አንድ ኮርስ የማስተማር ሰዓት ተቆጥሮ በሥራ ድልድሉ ካልተካተተ፣ የተሽከርካሪ፣ የነዳጅና የውሎ አበል ወጪውም በትምህርት ክፍሉ ዓመታዊ በጀት ራሱን የቻለ ርዕስ ካልተያዘለት፣ በጀት ሲጠብ አስቀድሞ የሚታጠፈው ይኸው የመስክ መርሐ ግብር ይሆናል።