ያላኮረፈው አሰልጣኝ

በዋሽንግተንና በአካባቢው ከሚያድጉ ኢትዮጵያውያን ልጆች ብዙዎቹ በትምህርት ቤት፣ ካልሆነም በቤታቸው ቴሌቪዥን የተመለከቱት አንድ ፊልም አለ፤ «ሪሜምበር ዘ ታይታንስ» ይባላል። ለሕዝብ የቀረበው በ2000 ዓ.ም. ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሚተርከውም በቨርጂኒያ የአሌክሳንድሪያ ከተማ የቲ.ሲ. ዊሊያምስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፉትቦል ቡድን በ1971 ስላሳለፈው የውድድር ወራት ነው። ፉትቦል ሲባል አገር ቤት የሚታወቀው እግር ኳስ አይደለም፤ እንቁላል የመሰለችውን ኳስ በብብቱ ሸጉጦ የሚሮጠውን ልጅ ጎረምሶች ተረባርበው መሬት ላይ የሚደፉበት፣ እናቶች «ልጄን ለዚህ አልወለድኩትም» የሚሉት ጨዋታ ነው።

ፊልሙ ደስ ይላል። ዴንዘል ዋሽንግተን ኸርማን ቡን የተባለውን ጥቁር አሰልጣኝ ሆኖ ይጫወታል። ነጭና ጥቁር ልጆች መጀመሪያ ይቧቀሳሉ፣ ቀጥሎ ይዋደዳሉ፣ ከዚያም አንገት ላንገት ተያይዘው፣ በጭንቅ እያሸነፉ፣ በመጨረሻው ግጥሚያ በመጨረሻዋ ቅጽበት ዋንጫውን ይነጥቃሉ። ተመልካቹም ዓይኑን እየጠረገ ይነሳል።

ችግሩ፣ እውነተኛው ታሪክ እንዲያ አለመሆኑ ነው። የ1971ዱ ቡድን 13 ጊዜ ተጋጥሞ 13 ጊዜ አሸንፏል፤ ከነዚህም ውስጥ በ9ኙ ተጋጣሚው አንዲት ነጥብ እንኳ አላስቆጠረም። በሮአኖክ ከተማ የተደረገው የቨርጂኒያ የሻምፒዮና ፍጻሜ በ27 ለ0 ያለቀ ሲሆን፣ ተሸናፊው ከሴለም የመጣው የአንድሩ ሉዊስ ትምህርት ቤት ነበር። በእርግጥ አንድ ልብ የሚያንጠለጥል ጨዋታ ነበር፤ ከማርሻል ትምህርት ቤት ጋር ተደርጎ 21 ለ16 ያለቀው። እሱ ግን የፍጻሜ ጨዋታ አልነበረም፤ በውድድሩ አጋማሽ ላይ የተደረገ ነው። ፊልም ሠሪዎቹ አንስተው መጨረሻ ላይ ተከሉት። የቡድኑ አምበል ጌሪ በርቲየር በመኪና አደጋ ሽባ የሆነውም በታኅሣሥ ወር፣ ዋንጫው ከተበላ በኋላ፣ ለቡድኑ ከተዘጋጀ ግብዣ ሲመለስ ነው። ፊልሙ ግን አደጋውን ከፍጻሜው ጨዋታ በፊት አምጥቶ ጭንቀቱን አባብሶታል።

በዚህ ፊልም ሠሪዎችን መውቀስ አይገባም። 27 ለ0 ያለቀ ጨዋታ ለማየት ትኬት ቆርጦ የሚገባ የለም። ይሁን እንጂ ትንቅንቁን ከቦታው አንስተው ሜዳው ላይ ሲያኖሩት፣ እውነተኛው ትንቅንቅ የት እንደነበረ ተሸፍኖ ቀርቷል። ይህ ለአሜሪካኖቹ ብዙም ላያሳስብ ይችላል፤ በየከተማው ማኅበር ሲያቋቁምና ሲያፈርስ ለኖረው ኢትዮጵያዊ ስደተኛ ግን ቁም ነገሩ ያለው እዚያው ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። አሌክሳንድሪያ በዚያን ዘመን ሦስት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ነበሯት፤ ጆርጅ ዋሽንግተን፣ ፍራንሲስ ሃመንድና ቲ.ሲ. ዊሊያምስ። ጥቁሮች ለብቻቸው ይማሩበት የነበረው ፓርከር ግሬይ በ1965 ከሁለተኛ ደረጃነት ስለተነሳ፣ በ1971 ጥቁርና ነጭ ለመጀመሪያ ጊዜ ተገናኙ የሚለውም የፊልም ወሬ ነው። በ1971 የሆነው ሌላ ነው። የከተማው ትምህርት ቦርድ የመጨረሻዎቹን ሁለት ክፍሎች ተማሪዎች በሙሉ ቲ.ሲ. ዊሊያምስ አስገብቶ፣ ሌሎቹ ሁለቱ ትምህርት ቤቶች የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል ሆኑ። ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ1970፣ አንድ ጥቁር ወጣት በአንድ ሱቅ ውስጥ በነጭ ሻጭ ተገድሎ ከተማዋ በረብሻ ታምሳ ነበርና ቁስሉ ገና አልጠገገም።

እንግዲህ ሦስት ባላንጣ ቡድኖች አንድ ሆኑ ማለት ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። ሦስቱ ለየብቻ ቢሰለፉ ሲያጠቁ ብቻ 33 ልጆች ቋሚ ተሰላፊ ይሆናሉ፤ አንድ ቡድን ሲሆኑ ግን 11። ኳሷን የሚያከፋፍለው፣ በየትምህርት ቤቱ እንደ ንጉሥ የሚታየው ልጅ ሦስት ነበር፤ አሁን ቦታው አንድ ነው። ትናንት በሠፈሩ ስሙ ሲጠራ የነበረ ጎረምሳ ዛሬ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፤ አባቱም ከሥራ ወጥቶ፣ ገንዘቡን ከፍሎ፣ ልጁ ውኃ ሲያቀብል ሊያይ ይመጣል። በነሐሴ ወር ቡድኑ ለልምምድ ወደ ጌቲስበርግ ኮሌጅ ሲወርድ የነበረው ጥያቄ ይኸው ነበር፤ ማን ይገባል፣ ማን ይቀራል? አንገት ላንገት የነበረው ግጥሚያ ያኔ ነው የተካሄደው። መስከረም ላይ ልጆቹ ሜዳ ሲወጡ አብዛኛው ነገር አልቆ ነበር። የሦስት ትምህርት ቤት ምርጥ ልጆች ከአንድ ትምህርት ቤት ልጆች ጋር ሲጋጠሙ ውጤቱ ምን ሊሆን ኖሯል? (ተሸናፊዎቹ «ፍትሐዊ አይደለም» ቢሉ እውነት አላቸው። አንድነት ለተጋጣሚ ፍትሐዊ ሆኖ አያውቅም።)

ከሁሉ የከበደው ቦታ ግን የልጆቹ አልነበረም። ቢል ዮስት የሃመንድ ትምህርት ቤት አሰልጣኝ ነበር፤ ነጭ ነው፣ በሥራው የተመሰገነ ነው፣ በከተማውም ብዙ ዓመት ሠርቷል። ትምህርት ቤቶቹ ሲዋሐዱ ዋና አሰልጣኝነቱ ለሱ ይሰጣል ብሎ የጠበቀው ሰው ብዙ ነበር። ቦታው የተሰጠው ግን በ1969 ከሰሜን ካሮላይና መጥቶ በቲ.ሲ. ዊሊያምስ ረዳት ለነበረው ለኸርማን ቡን ነው። ዮስት የተወለደው በ1924፣ ቡን በ1935 ነው። የ11 ዓመት ታናሹ፣ በቅርቡ የመጣው፣ ያውም በዚያ ዘመን በዚያ አገር ጥቁር የሆነው ሰው አለቃው ሊሆን ነው።

አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ብሎ ያስብ። በዕድሜ ታላቅ የሆነ፣ ብዙ ያገለገለ፣ ደጋፊ ያለው ኢትዮጵያዊ ሽማግሌ እንዲህ ቢደረግ ምን ይከተል ነበር? መልሱን በየከተማው ያለ ሰው ያውቀዋል። ሰውየው ከስብሰባው ይወጣል፤ አሥር ሰው ይከተለዋል፤ በሳምንቱ በአንድ ምግብ ቤት ጓዳ ይሰበሰባሉ፤ በወሩ «እውነተኛው» የሚል ቅጽል የተለጠፈበት ማኅበር ይመሠረታል። ማኅተምም ይቀረጻል፤ ማኅተም ከሌለ መቼም ማኅበር የለም። መስከረም ሲጠባ በአንድ ከተማ፣ በአንድ ምሽት፣ ሁለት የእንቁጣጣሽ ግብዣ ይዘጋጃል፤ ሁለቱም አዳራሽ እኩሌታው ባዶ ይሆናል። በሁለቱም አዳራሽ ተናጋሪው ተነስቶ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላል፤ ይጨበጨብለታል።

ዮስትም መሄድ ይችል ነበር። ደጋፊዎቹም ቢሄድ ደስ ይላቸው ነበር። እሱ ግን ቆየ፤ ረዳት አሰልጣኝ ሆኖ የመከላከሉን ክፍል ተረከበ። እንግዲህ ከላይ የተጠቀሰውን ቁጥር አንባቢ ያስታውስ፤ ከ13 ጨዋታ በ9ኙ ተጋጣሚ አንድም ነጥብ አላገኘም። ይህ የመከላከሉ ክፍል ሥራ ነው። ወንበሩን የተነፈገው ሰው የሠራው ሥራ ነው። ፊልሙ የመጨረሻዋን ቅጽበት ሩጫ ሲያሳይ፣ በእውነተኛው ታሪክ ዋንጫውን ያመጣው ግን በአብዛኛው ሌላው ወገን ነጥብ ማስቆጠር አለመቻሉ ነበር። ለፊልም የማይመች፣ ለማየትም የሚያሰለች፣ ግን የማይፈርስ ግድግዳ።

ይህን ሁሉ ለኳስ ሲሉ ያደረጉት ነው ብሎ የሚያናንቅ ቢኖር፣ የኢትዮጵያውያንንም ኳስ ማንሳት ይቻላል። የኢትዮጵያ ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ ከ1984 ጀምሮ በየዓመቱ በሐምሌ አካባቢ ሕዝቡን ከየከተማው ሲያሰባስብ ኖሯል። በእግር ኳሱ ሰበብ ያልተገናኘ ዘመድ፣ ያልተጋባ ወጣት፣ ያልታረቀ ጓደኛ የለም። በ2012 ግን ለሁለት ተከፍሎ፣ አንዱ በዳላስ፣ ሌላው በዋሽንግተን፣ በአንድ ሳምንት ሁለት ዝግጅት ተደረገ። ያን ዓመት ቤተሰብ የዕረፍት ፈቃዱን ይዞ «ወዴት ነው የምንሄደው?» ሲል ከረመ። ወንድማማቾች በሁለት ከተማ ሰነበቱ። ማን ልክ ነበር የሚለው ክርክር ዛሬም በቡና ላይ ሲነሳ ድምፅ ከፍ ያደርጋል፤ እዚህ ላይ መልስ አይሰጠውም። ያልተሰለፈው ልጅ፣ ትኬቱን የመለሰው ቤተሰብ፣ ምግቡ ያደረበት ነጋዴ ግን ከማንም ወገን አልነበሩም።

መቼም «ቁጭ ብላችሁ ተገዙ» ለማለት አይደለም። የማኅበር ገንዘብ ሲበላ፣ ምርጫ ሲሰረቅ፣ አባል ሲሰደብ ወጥቶ መሄድ መብት ብቻ ሳይሆን ግዴታ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ስደተኛው ከአገሩ የወጣው ዝም ብሎ መገዛት አልሆንለት ብሎ እንደሆነም አይዘነጋም፤ ምናልባት የኩርፊያው ሥር ከዚያ የመጣ ይሆናል። ነገር ግን ሌብነትና ወንበር ማጣት አንድ አይደሉም። ከተከፈሉት ማኅበሮች ስንቶቹ በሌብነት፣ ስንቶቹ በወንበር እንደተከፈሉ መሥራቾቻቸው ያውቁታል።

ደግሞም ቡን የዋህ አለቃ አልነበረም። ኃይለኛ፣ ተቆጪ፣ ልጆቹን እስኪወድቁ የሚያሠራ ሰው ነበር፤ በ1979ም ቅሬታ በዝቶበት ከአሰልጣኝነቱ ወርዷል። ዮስት የቆየው እንግዲህ አለቃው ስለተመቸው አይደለም። ግን የቡንም ድርሻ አይረሳ። አሸንፎ ቦታውን የያዘው ሰው የተሸነፈውን «ምክትል» የሚል ስም ሰጥቶ ጥግ አላስቀመጠውም፤ የቡድኑን ግማሽ አስረክቦታል። በማኅበር ቋንቋ ሲተረጎም፣ ሊቀመንበሩ ተሸናፊውን ተወዳዳሪ ጠርቶ «የገንዘቡን ክፍል አንተ ያዝ፣ ሒሳቡንም ለጉባኤው አንተ አቅርብ» እንደማለት ነው። ይህን ያደረገ ሊቀመንበር በየትኛው ከተማ አለ? ተመራጭ ሁሉ አስቀድሞ የሚሠራው ሥራ አስፈጻሚውን በወዳጆቹ መሙላት ነው፤ ከዚያ በኋላ ሌላው ሲያኮርፍ «አንድነት አይፈልግም» ይለዋል።

የዚያ ትምህርት ቤት ነገር ለኢትዮጵያውያን የሩቅ ታሪክ አይደለም። ዛሬ በአሌክሳንድሪያ ትምህርት ቤቶች በተማሪዎች ቤት በብዛት ከሚነገሩት ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። በሳውዘርን ታወርስ ፎቆች ያደጉ ልጆች በኪንግ ጎዳና ካለው ከዚሁ ትምህርት ቤት ተመርቀዋል፤ አባቶቻቸው ታክሲ ሲነዱ፣ እናቶቻቸው የሌሊት ተራ ሲሠሩ። ትምህርት ቤቱ ስሙን ያገኘበት ቲ.ሲ. ዊሊያምስ የከተማው ትምህርት ቤቶች የበላይ ኃላፊ የነበረ፣ የጥቁርና የነጭ አብሮ መማርን አጥብቆ የተቃወመ ሰው ነበር፤ በ1958 አንዲት ጥቁር የትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ ልጆቿ ከነጮች ጋር ይማሩ ተብሎ በቀረበ ክስ ውስጥ ስለገባች ከሥራዋ አባሯታል። ከረጅም ክርክር በኋላ ስሙ በ2021 ተነስቶ ትምህርት ቤቱ የአሌክሳንድሪያ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተብሏል። ቡድኑ ግን ዛሬም ታይታንስ ነው።

እዚያ የሚማሩ ልጆች በየስብሰባው ከወላጆቻቸው ጎን ተቀምጠው፣ ስልካቸውን እየነካኩ፣ ሽማግሌዎች ማይክሮፎን ሲነጣጠቁ ያያሉ። የሚከራከሩበትን ነገር ብዙውን አይረዱትም፤ ማን እንደወጣና በሩን እንዴት እንደዘጋው ግን አይስቱትም።

ዮስትና ቡን ሁለቱም በ2019 አረፉ፤ ዮስት በግንቦት፣ ቡን በታኅሣሥ። ከፊልሙ በኋላ ስማቸው ሲጠራ የኖረው እንደ ጓደኛሞች ነው። መጪው የማኅበር ምርጫ በሚደረግበት ከተማ ሁሉ አስመራጭ ኮሚቴው ድምፅ ከመቆጠሩ በፊት አንድ ጥያቄ ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ ቢያቀርብና መልሱን በቃለ ጉባኤ ቢያሰፍር ምን ይጎዳል? «ካልተመረጥክ የትኛውን ሥራ ትይዛለህ? ከተመረጥክስ ለተሸነፈው የትኛውን ታስረክበዋለህ?»