«ጋምቤላ ምን የሚሄድበት አለ?» ለምትሉኝ ሁሉ

ክረምት ሲገባ ፌስቡኩ በተራራ ፎቶ ይሞላል። አዲስ አበባ ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ እንጦጦ፣ መናገሻ፣ ወንጪ እያላችሁ ትለጥፋላችሁ። ደስ ይላል፣ ቀጥሉበት። ግን «ቲቸር፣ እናንተ ጋ ደግሞ ምን የሚሄድበት አለ?» ስትሉኝ ዝም ብዬ አላልፍም። የባሰው ደግሞ ይህንኑ ቃል እዚሁ ካሉት ልጆች አፍ መስማቴ ነው። ኒውላንድ ተወልዶ ኒውላንድ ያደገ ልጅ «እኛ ተራራ የለንም» ይለኛል። እስቲ እንነጋገርበት።

በመጀመሪያ ጂኦግራፊውን እናስተካክል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በቦንጋ አድርጋችሁ (የከፋውን ቦንጋ ሳይሆን የኛን) ወደ ቡሬና ወደ ጎሬ ስትወጡ፣ 200 ኪሎ ሜትር እንኳን ሳትሞሉ 2,000 ሜትር አካባቢ ትደርሳላችሁ። ሙቀቱ ወደ ብርድ፣ ማንጎው ወደ ቡና ይቀየራል። ይህን ያህል ልዩነት በአንድ ቀን የሚታይበት መንገድ አገራችን ውስጥ ስንት አለ? በደቡብ በኩል ደግሞ ሜጢና የማጃንግ ጫካ አሉ። ጫካው በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ክልሉ የኛ ነው፣ ጫካውም የኛ ነው። ስንቶቻችሁ በእግራችሁ ገብታችሁበታል?

ሁለተኛ፣ ይህች ከተማ የእግረኛ ከተማ ናት። በ1894 ዓ.ም. በተፈረመው ውል እንግሊዞች ባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ሲፈቀድላቸው፣ ከካርቱም የሚመጣው መርከብ እዚህ መድረስ የሚችለው በክረምት፣ ባሮ ሲሞላ ብቻ ነበር። የሚጭነው ቡና ግን በመኪና አልመጣም። ከጎሬና ከቡሬ ያንን ቁልቁለት በበቅሎና በሰው ትከሻ ነው የወረደው። ታሪካችንን ስናወራ መርከቡን እናነሳለን፣ ያን ሁሉ ጭነት ያወረደውን እግር እንረሳለን። አሁንስ ቢሆን? እናቶቻችን እንጨቱን፣ ከሰሉን፣ ዓሣውን በራሳቸው ተሸክመው በየቀኑ ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳሉ? የእግር መንገድ ሞልቶናል። የጎደለን ምልክት ያደረገበት፣ «ከዚህ እስከዚህ ይህን ያህል ነው» ብሎ የጻፈበት ሰው ነው።

«ሃይኪንግ የስፖርተኛ ነው» የምትሉም አላችሁ። ስሜንን ተመልከቱ። በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ፓርክ ነው። ጎበዙ ከሳንቃበር ግጭ፣ ከግጭ ጨነቅ እያለ ቀናት ተጉዞ ከ4,500 ሜትር በላይ ያለውን ራስ ዳሸንን ይወጣል። ጉልበቱ የደከመው በቅሎ ይከራያል። ያም ያልሆነለት እስከ ጨነቅ በመኪና ሄዶ፣ ትንሽ ተንቀሳቅሶ፣ ጭላዳውን አይቶ ይመለሳል። ሁሉም እንደ አቅሙ ይደርሰዋል። ተራራው የደባርቅን ሰው የጠቀመው ከፍታ ስላለው ብቻ አይደለም፤ መንገዱ ታውቆ፣ አስጎብኚውና በቅሎ አከራዩ ተደራጅተው ስለሚሠሩበትም ነው።

የኛን ደረጃ ግን ከስሜን መቅዳት አንችልም። እዚያ መንገድ የሚከብደው በዳገቱና በብርዱ ነው። እዚህ የሚያከብደው ፀሐይ፣ የጥላ እጥረት፣ የክረምት ጭቃና ውኃ ነው። ስለዚህ የኔ ሐሳብ ይኸው፦

ቀላሉ፦ ከኒውላንድ ተነስቶ በከተማው ውስጥ እስከ ባሮ ድልድይ። ዳገት የለውም፣ የዛፍ ጥላ አለው። አያት ከልጅ ልጃቸው ጋር፣ በክራንች የሚሄደው ተማሪዬም ከጓደኞቹ ጋር የሚሄዱበት።

መካከለኛው፦ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳሉት ኮረብቶች፣ ግማሽ ቀን። ውኃና ኮፍያ የግድ ነው፣ ብቻ መሄድ ክልክል ነው።

ከባዱ፦ በመኪና ቡሬ ድረስ ወጥቶ፣ አገሩን ከሚያውቅ ሰው ጋር በድሮው የበቅሎ መንገድ አቅጣጫ ቁልቁል መውረድ። ይህ ለለመደ ሰው ነው።

ምን ያህል ወጪ ይጠይቃል? ጥቂት ጣሳ ቀለም፣ ጥቂት ሰሌዳ፣ ከየሰፈሩ ሁለት ሁለት ወጣት። ስለ ቱሪዝም በየአዳራሹ ስብሰባ ሲደረግ ለባነሩና ለምሳው የሚወጣው ብር ይህን ሁሉ ሸፍኖ ይተርፋል።

«ሙቀቱስ?» ትላላችሁ። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ 40 ዲግሪ በሚያልፍበት ወቅት ውጡ ያለ የለም። ሐምሌና ነሐሴ ግን ደመናው አለ፣ ንፋሱ አለ፣ ተማሪው እረፍት ላይ ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ተነስቶ 3 ሰዓት ላይ ቤት መግባት ነው። «አዞውስ?» እውነት ነው፣ በአዞ አይቀለድም። በ1958 ዓ.ም. አንድ አሜሪካዊ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኛ እዚሁ ባሮ ውስጥ ሲዋኝ በአዞ ተበልቷል። መንገዱ ከውኃው ርቆ እንዲያልፍ የምንፈልገውም፣ ሰሌዳ ይተከል የምለውም ለዚህ ነው። አሁን ልጆቻችን ያለ ምንም ምልክት ወንዙ ዳር ይውሉ የለም እንዴ?

የመጨረሻው ጥያቄ ሰላም ነው። እሱን አቅልዬ አላየውም። ባለፉት ዓመታት ሰዓት እላፊ የታወጀበትን ጊዜ፣ በጊዜ በር ዘግተን የተቀመጥንበትን ምሽት ሁላችንም እናውቃለን። ማን የትኛው ሰፈር እንደሚኖር፣ ማን የት መሄድ እንደሚፈራም ልዘርዝርላችሁ አያስፈልግም። እኔ ጋ አንድ ክፍል ውስጥ አኙዋኩ፣ ኑዌሩ፣ ማጃንጉ፣ ከደጋ የመጣው ተጎራብተው ይማራሉ፣ ደብተር ይዋዋሳሉ። ደወል ሲደወል ግን ሁሉም ወደየሰፈሩ ይበተናል። አብሮ የተማረውን ልጅ ቤት የማያውቅ፣ ከድልድዩ ወዲያ ያለውን ሰፈር በወሬ ብቻ የሚያውቅ ትውልድ እያሳደግን ነው። በወሬ የምታውቀውን ሰፈር ደግሞ መፍራት ቀላል ነው።

አንድ የታወቀ መንገድ ሦስት አራት ሰፈር አቋርጦ ቢያልፍ፣ ከየሰፈሩ የተመረጡ ወጣቶች ቢመሩት፣ ሽማግሌዎችና ቀበሌ ቀድመው ቢያውቁት፣ በየሳምንቱ ልጆቻችን አብረው ቢሄዱበት፣ ከብዙ ስልጠና ይልቅ ይጠቅመናል። ሁኔታው ጥሩ ባልሆነበት ሳምንት አይኬድም፣ አለቀ። ግን ሁልጊዜ «ሰላም ሲሆን እንሄዳለን» ካልን፣ ሰላሙን የሚያመጣው መተዋወቅ ራሱ ከየት ይመጣል?

ስለዚህ ጥያቄዬ ግልጽ ነው። ከተማ አስተዳደሩ ቀላሉን መንገድ ዘንድሮ ምልክት ያድርግበት። የትምህርት ቤት ክበባት ቀለም ቀቢም መሪም ይሁኑ። ዩኒቨርሲቲያችን ርቀቱን ለክቶ ካርታ ያውጣለት። ከተማ የወጣችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ ደግሞ ለአንድ ቀን ጉዞ የምትከፍሉትን ብር ግማሹን ለአንድ ሰሌዳ ላኩ። ስትመጡ በእግራችሁ እያሳየናችሁ እንመልስላችኋለን።

ኮሜንት ላይ «አይሆንም» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ኑና አብረን እንሂድ። ውኃ ያዙ። ነጠላ ጫማ አይሆንም፣ ጭቃ አለ። ሼር አድርጉት፣ የሚመለከተው ያንብበው።