አንዲት ፍሬ ኪኒን፣ አንዲት ጥያቄ

የፈንገስ ነገር ስሙም ያሳፍራል። ቆረቆር፣ ጭርት፣ በተለይ ደግሞ የእኛ የሴቶቹ... ማን ጮክ ብሎ ይናገረዋል? ስለዚህ ፋርማሲ እንገባለን፤ ሰው እስኪወጣ ሻምፖ የምናይ መስለን እንቆማለን፤ ከዚያ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን «ፍሉኮናዞል» እንላለን። ይሰጠናል፣ እንከፍላለን፣ እንወጣለን። የጠየቀን የለም።

እኔ ግን አንድ ጥያቄ መቅደም አለበት ባይ ነኝ፦ «ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

ነገሩ ወዲህ ነው። በአገራችን በልጅነት በደንብ ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም ተነስቶ የልብ ቫልቭ የሚጎዳባቸው ወጣቶች ብዙ ናቸው። ሰው ሠራሽ የብረት ቫልቭ የተተከለላቸው ደማቸው እንዳይረጋ ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ ዕድሜ ልካቸውን ይወስዳሉ። ይህን መድኃኒት ጉበት ውስጥ የሚሰባብር ኢንዛይም አለ፤ ፍሉኮናዞል ደግሞ ኢንዛይሙን ያዳክመዋል። ያኔ ዋርፋሪኑ ይከማቻል፣ ደሙም ከልክ በላይ ይቀጥናል። ድድ ይደማል፣ ይነስራል፣ ሰውነት ይበልዛል፤ ሲብስ ደም ጨጓራ ወይም ጭንቅላት ውስጥ ይፈሳል። ለአፍ ፈንገስ የሚታዘዘው የሚኮናዞል ጄልም እንደዚያው ነው። «ቅባት ምን ያመጣል?» አይባልም።

ሌላም አለ። ለጥፍር ፈንገስ ለሳምንታት የሚዋጠው ተርቢናፊን አልፎ አልፎ ነጭ የደም ሴልን ይቀንሳል። እሱን እየወሰዳችሁ ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ከመጣ «ጉንፋን ነው» ብሎ ማለፍ ሳይሆን ሐኪም ዘንድ ሄዶ ደም መመርመር ነው።

«አታስፈራሪን!» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ አንድ ፍሬ ፍሉኮናዞል ውጠው ምንም የማይሆኑት ይበዛሉ። ከዚህ የከበዱ የፈንገስ መድኃኒቶችም አሉ። ለማጅራት ገትር የሚሰጠው አምፎቴሪሲን ቢ ደም ማነስ ያመጣል፤ አብሮት የሚሰጠው ፍሉሳይቶሲን መቅኔን ያዳክማል። ነገር ግን እነሱ የሚሰጡት ሆስፒታል ውስጥ፣ ደም እየተመረመረ ነው። የሚያይ ሰው አለ። በእኛ ኪኒን ላይ ግን የሚያይ የለም።

ፋርማሲስቶች ወረፋ እንደሚበዛባቸው አውቃለሁ። ጥያቄዋ ግን አምስት ሰከንድ አትፈጅም። ዋርፋሪን የምትወስዱ ደግሞ ባትጠየቁም ተናገሩ፤ መውሰድ የግድ ከሆነም የልብ ሐኪማችሁ ይወቀው፣ የአይኤንአር ምርመራችሁም ቶሎ ይደገም። ከደም መፍሰስ ሀፍረት ይሻላል።